ድባቴ፦ ስሙ ዘግይቶ የመጣ ሕመም

በአማርኛ «ደበረኝ» ያለ ሁሉ ታሟል ማለት አይደለም። ቀጠሮ የተሰረዘበት ሰው ይደብረዋል፤ ክረምቱ ቤት ያዋለው ልጅም ይደብረዋል። «ከፋኝ»፣ «ሆድ ባሰኝ»፣ «ሲተክዝ ዋለ» የምንላቸውም በጤነኛ ሰው ላይ መጥተው የሚያልፉ ስሜቶች ናቸው። አማርኛ ለሐዘን ቃል አላነሰውም። የቸገረው ሳምንታት አልፈው፣ ወራት አልፈው አልነሣ ላለው ነገር ነው። በአእምሮ ሐኪሞች ዘንድ እየተለመደ የመጣው «ድባቴ» ይህን ክፍተት ለመሙላት የገባ ቃል ነው። አንዳንዶች ዛሬም «ድብርት» ይሉታል፤ ግን ይህ ቃል እሑድ ከሰዓት ከሚሰማ መሰልቸት ጋር ስለሚጋራ ሕመሙን ያቀልለዋል።

ሕክምናው ድባቴ የሚለው ተያይዘው የሚመጡ ምልክቶችን ነው። በሰፊው የሚሠራበት የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች መመሪያ ዘጠኝ ምልክቶችን ይዘረዝራል፦ የከፋ ስሜት፣ ቀድሞ ደስ ይል በነበረ ነገር ደስታ ማጣት፣ የምግብ ፍላጎት ወይም የክብደት ለውጥ፣ የእንቅልፍ መዛባት፣ የአካል መቅበዝበዝ ወይም መንቀርፈፍ፣ ድካም፣ ራስን እንደ ከንቱ ማየትና ያለ ልክ መጸጸት፣ ሐሳብ አለመሰብሰብ፣ የሞት ሐሳብ። ከነዚህ ቢያንስ አምስቱ፣ ለሁለት ሳምንት ያህል በየቀኑ ለማለት በሚቻል ሁኔታ መታየት አለባቸው፤ ከአምስቱም አንዱ የግድ ከመጀመሪያዎቹ ሁለት መሆን አለበት። ትርጉሙ ግልጽ ይመስላል። ከጀርባው ያለው ክርክር ግን ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው፤ ዛሬም አላለቀም። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከጥቁር ሐሞት እስከ ገዳም በኣት

የግሪክ ሐኪሞች፣ በተለይ በሂፖክራተስ ስም የሚታወቁት ጽሑፎች፣ የማያልፍ ፍርሃትና ሐዘንን «ሜላንኮሊያ» አሉት፤ ጥቁር ሐሞት ማለት ነው። ሐሳቡ ሐሞት በዝቶ ሰውነትን ያጨልማል የሚል ነበር። ሐሞቱ ስሕተት ቢሆንም ከጀርባው ያለው አስተሳሰብ አልሞተም፤ ሐዘኑ ከሰውነት ሊመነጭ ይችላል ማለት በሽተኛው ሰነፍ ወይም ኃጢአተኛ ነው ከማለት የተለየ ነገር ነው። እንግሊዛዊው ሮበርት በርተን በ1621 ስለዚሁ ሕመም ግዙፍ መጽሐፍ ሲያሳትም ጥቁር ሐሞት ገና በሕክምናው ወንበር ላይ ነበር።

ሁለተኛው መንገድ የተጀመረው በግብፅ በረሃ ነው። በ4ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ኢቫግርዮስ መነኮሳትን የሚፈትኑ ስምንት ክፉ ሐሳቦችን ሲዘረዝር ሐዘንንና ስልቹነትን ለየብቻ አስቀመጠ። ስልቹነቱን የቀትር ጋኔን አለው፤ መነኩሴው በበኣቱ መስኮት ፀሐይዋ የት እንደደረሰች ደጋግሞ ያያል፣ ቀኑ አልገፋ ይለዋል፣ ቦታውንም ሥራውንም ይጠላል። የበረሃ አባቶች ትምህርት በመጻሕፍተ መነኮሳት፣ በማር ይስሐቅ፣ በፊልክስዩስና በአረጋዊ መንፈሳዊ፣ ወደ ግእዝ ገብቶ በገዳሞቻችን ሲነበብ ኖሯል። እዚህ ጉዳዩ ፈተና ነው፤ መድኃኒቱም ጸሎት፣ ሥራና የአባት ምክር።

መጽሐፍ ቅዱስ ራሱ ሁለቱን መንገዶች አይለያያቸውም። ሳኦልን ክፉ መንፈስ ሲያስጨንቀው የሚያሳርፈው የዳዊት በገና ነው። ኤልያስ በምድረ በዳ ሞቱን ሲለምን መጀመሪያ የሚደረግለት ግን ተግሣጽ አይደለም፤ ይተኛል፣ መልአክ ቀስቅሶ ይመግበዋል፣ ደግሞ ይተኛል። ዛሬ ስለ ድባቴ የሚጽፍ ሐኪም ከእንቅልፍና ከምግብ መጀመሩን ያየ ይህን ታሪክ ማስታወሱ አይቀርም።

ዘመናዊው ክፍፍል ከጀርመን ይነሣል። የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ኤሚል ክሬፐሊን በመማሪያ መጽሐፉ የ1899 እትም ሕመሙን ከስሜት መናር ጋር ደርቦ በአንድ በሽታ ሥር መደበው፤ ከአንጎል የሚመጣና የራሱ ሂደት ያለው አድርጎ ነበር ያየው። ሲግመንድ ፍሮይድ በ1917 ሌላ መሥመር አሰመረ፦ በሐዘን ጊዜ ባዶ የሚሆነው ዓለም ነው፤ በሜላንኮሊያ ግን ባዶ የሚሆነው ሰውዬው ራሱ ነው። ከዚያ በኋላ ለአሥርት ዓመታት ሐኪሞች «ከውስጥ የመጣ» እና «ከኑሮ የመጣ» ድባቴ እያሉ ተከራከሩ። የአሜሪካው መመሪያ በ1980 ክርክሩን ዘልሎት አለፈ፤ ምክንያቱን ትቶ ምልክቱን ብቻ መቁጠር ጀመረ። በዚህም ሁለት ሐኪሞች አንድን በሽተኛ አይተው የመስማማት ዕድላቸው ጨመረ። የጠፋው ነገር ደግሞ የሰውዬው ታሪክ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ክርክሮች አብዛኞቹ ከዚህ ልውውጥ የተወለዱ ናቸው።

በአፍሪካ የለም የተባለው

በኬንያ የሠራው ሐኪም ጆን ካሮተርስ በ1953 በዓለም ጤና ድርጅት ባሳተመው ጽሑፍ ድባቴ በአፍሪካውያን ዘንድ እምብዛም አይታይም አለ። ምክንያት ያደረገው አፍሪካዊው ኃላፊነትና ጸጸት የማይሰማው አድርጎ መሣሉን ነው። የዘረኝነቱ ነገር ግልጽ ነው፤ ከዘረኝነቱ ሥር ያለው የአቆጣጠር ስሕተት ግን ዛሬም ስለሚደገም ቆም ብሎ ማየት ይገባል። ካሮተርስ የቆጠረው ወደ አእምሮ ሆስፒታል የመጣውን ነው። ወደዚያ የሚመጣው የጮኸ፣ የተማታ፣ ልብሱን የጣለ ነው። ከምድጃው ጥግ ተቀምጣ የማትናገረዋን ሴት አስሮ ሆስፒታል የሚያመጣ የለም። በጣልያን ወረራ ዘመን የተቋቋመውና ለረጅም ጊዜ የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል የነበረው የአማኑኤል ስምም በሕዝቡ አፍ ከ«እብደት» ጋር ብቻ የተጣበቀው በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል።

መልሱ ከናይጄሪያ መጣ። በአቤኦኩታ የሠራው ቶማስ አዴኦዬ ላምቦ ከአሜሪካዊው አሌክሳንደር ሌይተን ጋር በዮሩባ መንደሮች ቤት ለቤት ያደረጉት ጥናት በ1963 ታተመ፤ የድባቴ ምልክቶቹ በመንደሩ ነበሩ። በ1979 ጆን ኦርሊና ጆን ዊንግ ሁለት የዑጋንዳ መንደሮችን ከለንደን ካምበርዌል ጋር ሲያነጻጽሩ ድባቴ በዑጋንዳ ሴቶች ላይ ከለንደኖቹ በልጦ ተገኘ። ሆስፒታል ያላሳየውን ጎጆ አሳየ።

እዚህ ላይ ግን ሌላ ጥያቄ ይነሣል። አርተር ክላይንማን በ1982 ባሳተመው ጥናት በቻይና ሁናን «ኒውራስቴኒያ» (የነርቭ ድካም) ተብለው የታከሙ 100 በሽተኞችን መረመረ፤ 87ቱ የድባቴ መስፈርት አሟሉ። እነሱ ግን የሚያማርሩት ስለ ራስ ምታት፣ ድካምና እንቅልፍ ማጣት ነበር። ክላይንማን ራሱ ከዚህ ሁለት ነገር አወጣ፤ ሕመሙ እዚያም አለ፣ ነገር ግን የአንድን አገር መለኪያ ወስዶ በሌላ አገር ሰው ላይ ማሳረፍ ያንን አገር እንዳናይ ያደርጋል። በዚምባብዌ ሾና «ኩፉንጊሲሳ» ይሉታል፤ ሐሳብ ማብዛት ማለት ነው። የእኛው «መብሰልሰል» ከዚህ ጋር የሚገጥም ድንቅ ቃል ነው፤ ያው ሐሳብ እየተመላለሰ ሰውን ከውስጥ ሲያበስለው። መብሰልሰልን ከድባቴ ምልክቶች የሚቆጥር መጠይቅ ቢኖር ብዙ ሰው ራሱን ያገኝበት ነበር።

ሐዘን የት ያበቃል?

በኦርቶዶክሱ ባህል ሐዘን ቀን አለው፦ ሰልስት፣ ሰባት፣ ዐሥራ ሁለት፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅ፣ ሙት ዓመት። እያንዳንዱ ቀን ሐዘንተኛውን አንድ ደረጃ ወደ ሰው ይመልሰዋል። አሁን የሕክምናውን ሁለት ሳምንት በዚህ ላይ እናሳርፈው። በ14ኛው ቀን ዐሥራ ሁለቱ ወጥቷል፣ አርባው ገና ነው። የዕድሩ ድንኳን ተነሥቷል፣ ከክፍለ ሀገር የመጣው ዘመድ ተመልሷል፣ ጥቁሩ ግን አልወለቀም። ባሏን የቀበረች ሴት ያን ቀን አትበላም፣ አትተኛም፣ ምንም አያስደስታትም። በምልክት ብቻ ከተቆጠረ ታማለች።

የመመሪያው ጸሐፊዎች ይህን አልሳቱትም። የ1994ቱ እትም ሰው ለሞተበት ሁለት ወር ይታገሥ ነበር። የ2013ቱ እትም ይህን ትዕግሥት አነሣው። አላን ሆርዊትዝና ጀሮም ዌክፊልድ ቀደም ብለው በ2007 መጽሐፋቸው አስጠንቅቀው ነበር፤ ምክንያት ያለውን ሐዘን ከምክንያት አልባው ካልለየን የሰው ልጅን ተራ ኀዘን በሽታ እናደርገዋለን ሲሉ። የተቃራኒው ወገን መከራከሪያም ቀላል አይደለም፦ በሞት ምክንያት የመጣ ድባቴ በፍቺ ወይም በሥራ ማጣት ከመጣው በምልክትም በአካሄድም ብዙ የማይለይ ከሆነ፣ ለሞት ብቻ ልዩ በር መክፈት ትርጉም የለውም፤ ሐዘንተኛ ስለሆነ ብቻ ራሱን ሊያጠፋ የተቃረበ ሰው ሊታለፍ አይገባም።

በእኔ ግምት ሁለቱም ግማሽ እውነት ይዘዋል፤ ለሐኪሙ የሚረዳው ግን የቀን ቆጠራ ሳይሆን የሐዘኑ ጠባይ ነው። ሐዘን እንደ ማዕበል ይመጣል ይሄዳል፤ የሟቹ ፎቶ፣ ድምፁ፣ የሚወደው ወጥ ይቀሰቅሰዋል። በመሐል ቀልድ ሲወራ ለቀስተኛው ይስቃል፤ ራሱን አይጠላም። ድባቴ ግን አብዛኛውን ቀን አይለቅም፤ ሰውየው ልጆቹን ሲያይ እንኳ «ሸክም ሆንኩባቸው» ይላል። ሙት ዓመቱ ወጥቶም ያልተነሣች ሴት ጉዳይ ደግሞ ሦስተኛ ነገር ነው፤ የተራዘመ ሐዘን ራሱን የቻለ ስም አግኝቶ በቅርብ ዓመታት መመሪያዎቹ ውስጥ ገብቷል። አሜሪካኖቹ አንድ ዓመት፣ የዓለም ጤና ድርጅት ስድስት ወር ብለውታል። ከሙት ዓመትና ከመንፈቅ ጋር መግጠሙ አጋጣሚ ይሁን አይሁን ማሰብ ያጓጓል።

የሴሮቶኒን ነገር

የመድኃኒቱ ታሪክ የጀመረው በአጋጣሚ ነው። በ1952 በኒውዮርክ ለሳንባ ነቀርሳ የተሰጠው ኢፕሮኒያዚድ በሽተኞቹን ያልተጠበቀ ንቃት ሰጣቸው፤ በ1950ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ሮላንድ ኩን በስዊዘርላንድ ኢሚፕራሚንን ለድባቴ ሞከረ። ሁለቱም በአንጎል ሕዋሳት መካከል መልእክት የሚያደርሱ ኬሚካሎችን ስለሚነኩ፣ በ1960ዎቹ ተመራማሪዎች ወደ ኋላ አስበው ድባቴ የእነዚህ ኬሚካሎች እጥረት ነው አሉ። በ1987 መጨረሻ ፍሉኦክሰቲን በአሜሪካ ሲፈቀድ ይህ ሐሳብ «የሴሮቶኒን ማነስ» በሚል አጭር ቃል በየቤቱ ገባ።

በ2022 ጆአና ሞንክሪፍና ባልደረቦቿ እስከዚያ የተሠሩትን ጥናቶች ሰብስበው ሲገመግሙ የሴሮቶኒን ማነስ ለድባቴ መንሥኤ ስለመሆኑ ወጥ ማስረጃ አላገኙም። ብዙ የዘርፉ ሰዎች ቀለል ያለውን የእጥረት ሐሳብ ቀድሞውንም ትተውት ነበር፤ ሕዝቡ ግን አልተነገረውም። ስለዚህ ዜናውን የሰሙ «እንግዲያው መድኃኒቱም ውሸት ነው» አሉ። እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች መለየት አለባቸው። አያቶቻችን ኮሶ ሲጠጡ እንዴት እንደሚሠራ አያውቁም ነበር፤ ትሉ ግን ይወጣል። መድኃኒት ይሠራል አይሠራም የሚለው የሚታወቀው በማነጻጸር ነው።

ማነጻጸሩስ ምን አለ? ኢርቪንግ ኪርሽ በ2008 ለአሜሪካ መንግሥት የቀረቡ ጥናቶችን አሰባስቦ፣ መድኃኒቱ ከማስመሰያ ክኒን ያለው ብልጫ ትንሽ እንደሆነና ጎልቶ የሚታየው በጽኑ ሕሙማን ላይ እንደሆነ ደመደመ። አንድሪያ ቺፕሪያኒና ባልደረቦቹ በ2018 በ522 ሙከራዎችና በ116,477 ሰዎች ላይ 21 መድኃኒቶችን ሲያነጻጽሩ ሁሉም ከማስመሰያው በለጡ፤ ብልጫው ግን በአማካይ መጠነኛ ነው። ሁለቱ ጽሑፎች የሚጣሉ ቢመስሉም ቁጥሮቻቸው ብዙም አይራራቁም፤ የሚለያዩት «መጠነኛ» የተባለው ለበሽተኛው ይበቃል ወይ በሚለው ነው። አማካይ ደግሞ ይሸፍናል፤ ጨርሶ ያልጠቀመውና ከአልጋ ያነሣው ሰው አንድ ላይ ተደምረዋል።

ከሁሉም በላይ በተግባር የሚጎዳው ያልተነገረ ነገር ነው። መድኃኒቱ ለመሥራት ሳምንታት ይፈጃል፤ የአፍ መድረቅና ማቅለሽለሽ ግን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይመጣሉ። ይህ ያልተነገረው ሰው በአምስተኛው ቀን ይተወዋል። የዓለም ጤና ድርጅት መምሪያም ሰው ከተሻለው በኋላ ለወራት እንዲቀጥልና በድንገት እንዳያቋርጥ ይመክራል።

ኑሮ፣ ዘርና ስደት

ጆርጅ ብራውንና ቲሪል ሃሪስ በ1978 በዚያው ካምበርዌል ሴቶችን አጥንተው፣ ድባቴ አብዛኛውን ጊዜ ከከባድ የኑሮ ጉዳት በኋላ እንደሚመጣ አሳዩ። ጉዳቱ የደረሰባት ሴት ሁሉ ግን አትወድቅም። የሚያጋልጡት በልጅነት እናትን ማጣት፣ ብዙ ሕፃናትን በቤት መያዝ፣ ሥራ አለመኖርና ምሥጢር የሚካፈል የቅርብ ሰው ማጣት ነበሩ። የመጨረሻው ለእኛ አገር ሰው አዲስ አይደለም፤ ቡና ጠርታ የሆዷን የምታወራላት ጎረቤት ያጣች ሴት ምን እንደሚደርስባት ሁሉም ያውቃል።

በጅማ አካባቢ በግልገል ጊቤ የተደረገ ጥናት ነገ የሚበላውን የማያውቅ ቤተሰብ የበለጠ የድባቴና የጭንቀት ምልክት እንደሚታይበት አሳይቷል። ጥያቄው አቅጣጫው ነው፤ ድህነት ያሳምማል ወይስ ሕመም ያደኸያል? በኬንያ ለድሆች ገንዘብ የሰጠ ሙከራና መሰሎቹ ገንዘብ ያገኙት ሰዎች መንፈስ እንደሚሻሻል ስላሳዩ፣ ቢያንስ ከፊሉ ከድህነት ወደ ሕመም እንደሚሄድ እናውቃለን። ወደ ኋላም ይሄዳል፤ የታመመ ገበሬ ማሳው አይታረምም።

ዘርም ድርሻ አለው፤ መንታዎችን የተመለከቱ ጥናቶች ሲደመሩ ከሰው ሰው ያለው ልዩነት 37 በመቶ ያህሉ ከዘር እንደሚመጣ ግምት ሰጥተዋል። ግን አንድ የድባቴ ዘረመል የለም። በ2003 እጅግ የተወራለት የሴሮቶኒን ዘረመል ግኝት በ2019 በብዙ ሰዎች መረጃ ሲፈተሽ አልቆመም።

ስደት ሁሉንም ያገናኛል። በቶሮንቶ 342 ኢትዮጵያውያን ላይ በ2004 የታተመ ጥናት፣ በሕይወታቸው ድባቴ የያዛቸው 9.8 በመቶ መሆናቸውን አገኘ፤ በደቡብ ኢትዮጵያ ቀድሞ ከተገመተው 3.2 በመቶ ሦስት እጥፍ ነው። ስደት ያሳምማል ብሎ መደምደም ይቀላል። ነገር ግን በ2003 የአገር አቀፍ ጤና ጥናት መረጃ ላይ ተመሥርቶ በ2012 የታተመው ሥራ እዚሁ ኢትዮጵያ 9.1 በመቶ አግኝቷል። መጠይቁ ሲለያይ ቁጥሩ ይለያያል፤ የጠያቂው ሥልጠና፣ የሚጠየቀው ጊዜ፣ የጥያቄው አማርኛ ሁሉ ገብቶበታል። ስለዚህ ከቁጥሩ ይልቅ በየጥናቱ የሚደጋገመውን ማየት ይሻላል፤ የተፋቱና የሞተባቸው፣ ሌላ ሥር የሰደደ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ይበልጥ ይጠቃሉ።

ጤና ጣቢያው ላይ

አንዲት እናት ካርድ አውጥታ ትቀመጣለች። ስትጠየቅ ራሴን ይወቅረኛል ትላለች፤ ያቃጥለኛል፣ እንቅልፍ የለኝም፣ ጉልበቴ ከዳኝ። ወረፋው ረጅም ነው። የራስ ምታት ማስታገሻና የጨጓራ መድኃኒት ተጽፎላት ትሄዳለች፤ ከወር በኋላ ትመለሳለች። እየዋሸች አይደለም፤ በእርግጥ ያቃጥላታል። የሚሰማን በሆድ ነው፤ የሚባስም፣ የሚሸበርም ሆድ ነው፤ የማይነገረውም «ሆድ ይፍጀው» ይባላል። ባለሙያው «ሆድሽ ውስጥ ያለውስ?» ብሎ ካልጠየቀ አትናገርም።

በጉራጌ ሶዶ ወረዳ በእነ አበባው ፈቃዱና ሻርሎት ሃንሎን የተሠሩ ጥናቶች ጤና ጣቢያ ከሚመጡት መካከል ድባቴ ያለባቸው ብዙ ሆነው ሳለ በባለሙያው የሚለዩት እጅግ ጥቂቶች እንደሆኑ አሳይተዋል። በቡታጅራ ነፍሰ ጡሮችን የተከተለው ጥናት ደግሞ የጉዳቱን መልክ ያሳያል፤ በእርግዝና ጊዜ የመንፈስ ሕመም ምልክት የነበረባቸው ሴቶች ምጣቸው ይረዝም፣ ጡት ማስጀመር ይዘገይባቸው ነበር። የሕፃኑ ክብደት ላይ ግን፣ ብዙዎች እንደሚጠብቁት፣ ግንኙነት አልተገኘም። እንዲህ ያለው ያልተጠበቀ ውጤት ነው ጥናቱን የሚያስከብረው።

ዘጠኙን ምልክቶች ከ0 እስከ 3 ነጥብ እየሰጠ የሚጠይቅ አጭር መጠይቅ በአማርኛ ተፈትሿል። በብዙ አገሮች 10 ነጥብ መለያ ነው፤ በገጠር ኢትዮጵያ ግን ከዚያ ያነሰ ነጥብ ይበልጥ እንደሚስማማ ታይቷል። መለያው ሲወርድ የሚታለፍ ይቀንሳል፣ ሳይታመም «ታመመ» የሚባለው ይበዛል። የትኛው ስሕተት ይሻላል የሚለውን ሒሳብ አይመልሰውም፤ የሚመልሰው ከልየታው በኋላ ለሰውየው ምን እንዳለን ነው።

ያለን ነገር ደግሞ ክኒን ብቻ አይደለም። ፖል ቦልተንና ባልደረቦቹ በ2003 ባሳተሙት፣ 30 መንደሮችን ባካተተው የዑጋንዳ ሙከራ አጭር ሥልጠና የወሰዱ የአካባቢው ሰዎች የቡድን ምክክር መሩ፤ በመጨረሻ ድባቴ የቀረው በተሳተፉት 6.5 በመቶ፣ ባልተሳተፉት 54.7 በመቶ ላይ ነበር። በሐራሬ ዲክሰን ቺባንዳ በጤና ጣቢያ ግቢ አግዳሚ ወንበር ላይ ሕሙማንን የሚያማክሩ ሴት አያቶችን አስቀመጠ፤ የ2016 ሙከራው 573 ሰዎችን አሳትፎ ውጤታማ ሆነ። ያልተፈታው ነገር ዘላቂነቱ ነው፤ የምርምሩ ገንዘብ ሲያልቅ ወንበሩ ላይ ማን ይቀመጣል?

ጠበልና ክኒን

ኢትዮጵያ ውስጥ ብዙ ሰው ቀድሞ የሚሄደው ወደ ጠበል፣ ወደ ዱዓ ወይም ወደ ጸሎት ቤት ነው። ይህን እንደ ድንቁርና ያየ ባለሙያ በሽተኛውን ያጣል። በጠበል ቦታ ሰው ከጠባብ ቤቱ ይወጣል፣ በጠዋት ይነሣል፣ ብቻውን አይሆንም፣ ስሙ በጸሎት ይጠራል። ለድባቴ እነዚህ ቀላል ነገሮች አይደሉም። ነገር ግን ድባቴ ብዙ ጊዜ በወራት ውስጥ በራሱም ይሻላል፤ ስለዚህ በጠበል ዳንኩ ያለውንም፣ በክኒን ዳንኩ ያለውንም ያለ ማነጻጸሪያ ማወቅ አይቻልም። በናይጄሪያና በጋና የባህል ፈዋሾችና የጤና ባለሙያዎች አብረው እንዲሠሩ የተደረገው፣ በ2020 የታተመው ሙከራ ጥሩ ውጤት አሳይቷል፤ እሱ ግን ለከባድ የአእምሮ ሕመም እንጂ ለድባቴ አልነበረም።

ለኤድስ መድኃኒት አንድ ጊዜ መንገድ ተገኝቶ ነበር። በ2007 ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጠበልና የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት አብረው እንዲወሰዱ ተናገሩ፤ መምረጥ ነው ተብለው መድኃኒቱን ያቋረጡ ሰዎች ነበሩና። የድባቴ በሽተኛ ላይ ምርጫው የባሰ ይከብዳል፤ ሕመሙ ራሱ «እምነትህ ጎደለ፣ አንተ ከንቱ ነህ» ይለዋልና፣ መድኃኒት መዋጥህ የእምነት ማነስ ነው ያለው ሰው የሕመሙን ቃል ነው የሚደግምለት። ጠበሉ በጠዋት፣ በባዶ ሆድ ይጠጣል። በየጤና ጣቢያው ብዙ ጊዜ የሚሰጠው አሚትሪፕቲሊን እንቅልፍ ስለሚያመጣ ማታ፣ ከመኝታ በፊት ይወሰዳል።